የእትዬ ሸሪፋ ጋቢ

ሕፃን ሁሉ በብርድ ሊያልቅ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። የደሴዋ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለዚህ ከባድ ኃላፊነት እትዬ ሸሪፋን አግኝታለች። ማንም አልመረጣቸው፣ ቀበሌም አላጸደቀላቸው። እሳቸው ግን አራስ ቤት ገብተው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ የሕፃኑን እግር ይይዛሉ። «በርዶታል! ወላሂ በርዶታል!» ከዚያ ሹራብ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ጋቢ። ልጁ አፍንጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እግሩስ በእርግጥ ይቀዘቅዛል፤ ነገሩ ደስ የሚለውም እዚህ ላይ ነው! ልብ የሚያስመታ፣ ትንፋሽ የሚመጥን፣ ላብ እንዲወጣ የሚያዝ፣ እኛን ሳያስፈቅድ የሚሠራ የነርቭ ሥርዓት አለን። በአራስ ልጅ ላይ ትናንት እንደተቋቋመ የቀበሌ ኮሚቴ ነው፤ አባላቱ ተመርጠዋል፣ ስብሰባ ግን ገና አልለመዱም። ስለዚህ ሆዱ ሞቆ እግሩ ይበርዳል፤ ትንፋሹ ይሮጥና ቆም ይላል፤ ስቅታው ያለ አጀንዳ ይመጣል። ሲሞቀውም እንደ ትልቅ ሰው ላብ አውጥቶ መቀዝቀዝ ገና አይሆንለትም። ሥራውን የሚለምደው ወራት ሲያልፉ ነው።

የሰፈሯ አራስ ለይላ ይህን አታውቅም። የምታውቀው እትዬ ሸሪፋን እምቢ ማለት እንደማይቻል ነው። የወር ልጇን የሱፍን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለሚሠራው አባቱ ልታሳይ ስትነሳ፣ እትዬ ሸሪፋ በደሴ ጭጋግ ልክ ጠቅልለውት አብረው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

መንገዱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። ተሳፋሪው ኮቱን አወለቀ። የሱፍ ግን አሁንም ደሴ ነው።

«እትዬ፣ ምነው ዝም አለ?»

«ተመችቶት ነዋ! እግሩን ንኪው።»

ለይላ እግሩን ትታ እጇን አንገቱ ሥር ሰደደች። እሳት! ፊቱ ቀልቷል። ጡት ሰጠችው፤ አልያዘም።

«ልጄ እየነደደ ነው! እፈታዋለሁ፣ እትዬ፣ አይከልክሉኝ!»

የሚከለክል የለም። እትዬ ሸሪፋ ራሳቸው ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሹራቡን ገፈፉት፤ መስኮት አስከፈቱ፤ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ ያራግቡለት ጀመር። ኮምቦልቻ ሊደርሱ ሲሉ የሱፍ አለቀሰ፤ ጡቱንም ያዘ። ለአንድ ሕፃን ጩኸት ያ ሁሉ ተሳፋሪ አልሐምዱሊላህ ሲል ተሰምቶ አይታወቅም።

በመልሱ አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጭጋጉ ተቀበላቸው። ለይላ ልጁን መልሳ በጋቢው ሸፈነችው።

«እግሩ በርዷል» አለች።

«እግር ምን ያውቃል? አንገቱን ንኪ እንጂ!» አሉ እትዬ ሸሪፋ፣ ዕድሜ ልካቸውን ይህንኑ ሲያስተምሩ እንደኖሩ ሁሉ።

አንገቱ ደህና ነው። የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ግን አጠገቧ አለ። ለካስ ጋቢው የእሳቸው ነው፤ ሌላም የላቸውም። ለይላ እጃቸውን ያዘች፤ በረዶ።

«በርዶዎታል! ወላሂ በርዶዎታል!» ብላ ተጠግታ በጋቢው ጫፍ አብራ ሸፈነቻቸው።

አውቶቡሱ ደሴ ሊደርስ ነው።

«እትዬ፣ ምነው ዝም አሉ?»

«ተመችቶኝ ነዋ።»