ማሻአላህ ያልተባለለት ኤክስቦክስ

ሰው ሳያወዳድር የበላው የሚረጋለት አይመስለኝም። ግመል ገዝቶ ከጎረቤት ግመል፣ ምራት አምጥቶ ከጎረቤት ምራት። እናንተስ አታደርጉትም? ተዉ እንጂ! ሐርጌሳ ከፍርስራሿ ብድግ ብላ ግድግዳ በግድግዳ በሆነች ሰሞንማ ብሶብን ነበር፤ አንዱ በሩን ሰማያዊ ከቀባ፣ ጎረቤቱ በነጋታው አረንጓዴ ነው።

እኔም እዚያው ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ጌም ቤት ነበረኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ማሽኔ ግራጫው ፕሌይስቴሽን ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ሽማግሌው። ሲዲ አላነብ ሲል በጀርባው እንገለብጠዋለን፤ ተገልብጦ ጸጥ ብሎ ይሠራል። (ስንቱን ሰው እንዲህ ባደረግነው!) ግንበኛውም የታክሲ ረዳቱም ከሥራ መልስ ኳስ የሚጫወተው እሱ ላይ ነው። ጉሮሮዬም በእሱ ነበር የሚዘጋው።

ታዲያ ከመንገዱ ማዶ ፎዚያ አለች። ሱማሌ ናት፤ ግን እንደኔው ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ ከኔ የሚፈጥን። ወንድሟ ከዱባይ ኤክስቦክስ አመጣላት። የሌላ ወገን ማሽን፣ አዲስ ትውልድ፣ ጥቁር፣ ሻንጣ የሚያህል። ደንበኞቼ ጎሳ እንደሚቆጥር ሰው የማሽን ትውልድ እየቆጠሩ ተከራከሩ፤ ከዚያ አንድ ባንድ መንገዱን ተሻገሩ። አግዳሚ ወንበሬ ላይ ዝንብና እኔ ቀረን።

«አቦ ዘይነባ፣ ያንቺ ተጫዋቾች ፊት እንኳ የላቸውም» አለችኝ ፎዚያ። «የኔዎቹ ያልባቸዋል!»

ልየው ብዬ ሄድኩ። ወላሂ እውነቷን ነው! የኔ ስታዲየም ሕዝብ የተበተነ ምስር ሲመስል፣ የሷ ሕዝብ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ሣሩ ፍየል ያስጎመጃል። ቅናቴ ሁሉ ጠፋኝና በዚያ ሰርግ ቤት በተሞረደ ድምፄ «ወይ ጉድ! ይሄ ማሽን ነው ሙሽራ?» ብዬ ጮኽኩ።

ቴሌቪዥኑ ድርግም።

ቀን ነውና መብራት ይሂድ አይሂድ ማን ያስተውል፤ ቤቱ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

«ማሻአላህ ሳትዪ ታደንቂያለሽ!» አለች ፎዚያ ደረቷን ይዛ። «በዓይንሽ በላሽው!»

«በክፋት አይደለም፣ ወላሂ!»

«እንግዲያው ታጠቢ!»

የዓይን መድኃኒት መቼም ይታወቃል። ያየው ይታጠባል፣ እጣቢው የታየው ላይ ይፈሳል። ለሕፃን ሲደረግ አይተናል፣ ለላም ሲደረግ አይተናል። ለኤክስቦክስስ? ማንም አልጠየቀም። እኔም ልቤ ንጹሕ መሆኑ ይታወቅ ብዬ ፊቴን፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ታጠብኩላት። ፎዚያም ቢስሚላህ ብላ እጣቢውን ጆግ ሙሉ ለቀቀችበት።

ይኼኔ መብራት መጣ! ለካ የሰፈሩ ጄኔሬተር ነዳጅ እስኪቀዳለት ቆሞ ኖሯል። የጎረቤቱ ራዲዮ ሁሉ ተንጫጫ። ጥቁሩ ሙሽራ ግን አንዴ ጭስስ ብሎ ዐረፈ።

ደንበኞቼ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው አግዳሚዬን ሞሉት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ማዶ የፎዚያን የተዘጋ በር ሳይ ግን ደስታው አልወርድ አለኝ። ሄጄ አንኳኳሁ። «ተነሺ አንቺ! ትልቅ ቴሌቪዥን አለሽ፣ የሚሠራ ማሽን አለኝ። ምን ያስቀምጥሻል?»

ቴሌቪዥኗን አሸክማ መጣች። ሽማግሌዬን ገልብጬ ከፈትኩት፤ ፊት አልባዎቹ ተጫዋቾች በዚያ ሰፊ መስኮት ላይ ይሮጡ ጀመር። ፎዚያ አገጯን ይዛ «አቦ፣ ይሄ ሽማግሌ እንዴት ያለ ጀግ—»

ዘልዬ አፏን በመዳፌ ከደንኩት።

«መጀመሪያ ማሻአላህ በይ!»