የወይዘሮ ለተብርሃን ኬክ

እኔ የምለው፣ ምላስ የተሰጠን ለምንድን ነው? ስም ለመላስ ነው እንዴ?

ዓባ ሻውል ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸውን ወይዘሮ ለተብርሃንን በዝግኒያቸው የማያውቅ የአስመራ ሰው የለም። እንባ የሚያስወጣ ዝግኒ ነው፤ እሱን አልክድም። በቀደም ታዲያ አማቻቸው ዋናው ጎዳና ላይ ኬክ ቤት ከፈተና «ለተብርሃን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለበት። ወጥ ያጣፈጠ ስም ኬክም ያጣፍጣል ብሎ ይሆናላ! ሕዝቡም አላሳፈረውም፤ በሩ ላይ ተሰለፈ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ተስፋይ እኔንም ጎትቶ ወሰደኝ።

ኬኩ ድንጋይ ነው። ተስፋይ ገና ሲነክሰው ጥርሱ ቀጭ አለ። ስባሪውን በመሐረብ እየጠቀለለ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጥርሴ ድሮም ደካማ ነበር!» እስቲ አሁን ደም አይፈላም? ሌላ ቤት ቢሆን እኮ ባለቤቱን አንቆ ይይዝ ነበር!

በዚህ መሀል ራሳቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ከሳህናችን ቆርሰው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ዋይ ኣነ! ደቀይ፣ ልጆቼ፣ ይሄን አትብሉ። እኔ ዝግኒ እንጂ ኬክ መች አውቃለሁ? አማቼ ነው ስሜን የወሰደው» አሉ።

እፎይ፣ ተገላገልን አልኩ። ተስፋይ ግን የከንፈሩን ደም እየጠረገ ቱግ አለ።

«ኣደይ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ? ይሄ እኮ የለተብርሃን ቤት ነው!»

ዙሪያውን የተቀመጡት በላተኞች ሁሉ «ሓቁ! ሓቁ!» እያሉ አጀቡት። ወይዘሮ ለተብርሃንም ይቅርታ ጠይቀው ወጡ።