የሁለት ደቂቃ ሽምግልና

እኔ የምለው፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለ ያደገ ሕዝብ የንግግር ክለብ ሲያቋቁም ምን ይባላል? እኛ ላሊበላ ላይ አቋቁመናል። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምሽቱ አስራ ሁለት ተኩል ላይ፣ የአንድ ወዳጃችን ሆቴል ቁርስ ቤት ውስጥ እንሰበሰባለን። ጠዋት ፈረንጅ እንቁላል የሚበላባቸውን ጠረጴዛዎች ወደ ግድግዳ ገፋ እናደርግና ተራ በተራ እየተነሳን እንናገራለን። የተጀመረው እንግዳ የጠፋ ጊዜ ነው። አዳራሹም ሥራ ፈት፣ እኛም ሥራ ፈት። እውነቱን መደበቅ ምን ያደርጋል?

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ «ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ» እያልኩ እንጀራዬን በልቻለሁ። ስለዚህ ክለቡ ውስጥ የገባሁት ለመማር አይደለም፤ ለመደነቅ ነው። ሰው ፊት እንዲህ አይባልም፣ በእኔና በእናንተ መካከል ይቅር።

ክለቡ ሕግ አለው። ለንግግር የሚሰጠው ጊዜ የተለካ ነው። አረንጓዴ ካርድ ሲነሳ «ቀጥል» ማለት ነው፣ ቢጫ «ጠቅልል»፣ ቀይ «ተቀመጥ»። አንዲት አባላችን ደግሞ እስክሪብቶ ይዛ «እ…» ያልንበትን ሁሉ ትቆጥራለች። በመጨረሻ ገምጋሚ ይነሳና ማን ምን እንዳጎደለ ይናገራል። የተገመገመ ሰው መልስ አይሰጥም፤ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይውጠዋል። ይቺ ሕግ ስንቱን አስኮርፋለች መሰላችሁ። አንድ ጡረተኛ ወዳጄ «ሲናገሩ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ» ተባለ። በወጉ አንገቱን አጎንብሶ አመሰገነና ሦስት ሐሙስ ቀረ።

ካርዶቹን የሚይዘው ደሳለ ነው። ሙጃ ተወልዶ ያደገ ነው፤ እዚህ ከተማ ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነባል። ያየውን ቁጥር ይጽፋል። ለወዳጅ አይቀንስም፣ ለጠላት አይጨምርም። ሁለት ዓመት ክለባችን ውስጥ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ተነስቶ አልተናገረም። ተራው ሲደርስ ካርዶቹን አንስቶ ያሳየናል፣ «እኔ ሥራ ላይ ነኝ» ማለቱ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ በእንግድነት ጋብዘን ነበር። ቢጫው ሲነሳ አላዩትም፣ ቀዩ ሲነሳ ግን አዩና ብልሃት አገኙ፤ ምርቃት ጀመሩ። ምርቃት ማን ያቋርጣል? ሁላችንም ብድግ ብለን «አሜን» እያልን ቆምን። ከብቱን መረቁ፣ ማሳውን መረቁ፣ ዝናቡን መረቁ፣ የሆቴሉን ፍራሽ ሳይቀር መረቁ። ደሳለም ከእኛ ጋር ቆሞ «አሜን» ይላል፣ ቀዩ ካርድ ግን እስከ መጨረሻው ከእጁ አልወረደም። ደሳለ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ይህ ደሳለ ታዲያ የሺን ይወዳል። የሺ የክለባችን አባል ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ናት። መውደዱን ለእሷ አልነገራትም። የነገረው ለእኔ ነው። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ» ብሎ ለምኖኝ ዓመት ሞልቶታል። እኔም «እሺ፣ ከጥምቀት በኋላ» ስል «ከፋሲካ በኋላ» ስል ዓመቱን በላሁት። ሰው ከፈራ ምክንያት አያጣም።

መሪጌታን እፈራቸዋለሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ዳዊት ላይ ስደርስ ጠፋሁባቸው። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ካገኙኝ በጭራቸው መሬቱን ጠቆም አድርገው «ምትኩ፣ መቼ ነው የምትመለሰው?» ይሉኛል። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው እኮ። በዚህ ላይ ሽማግሌ አንድ ጊዜ እምቢ ከተባለ መልሶ ለመጠየቅ ፊት ያስፈልጋል። ያበላሸሁበት እንደሆነ ልጁ አለቀለት። ዝም ያልኩበት እንደሆነም ከወልድያ አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ያኔም አለቀለት። ደሳለ ወሬውን ከሰማ ወዲህ ከስቷል።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ የሺ ገምጋሚ ነበረች። አባቷ «ልጄ በየሳምንቱ የምትሄድበትን ጉባኤ ልየው» ብለው መጡ። ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የፈሩት ይደርሳል።

ፕሮግራሙ ድንገተኛ ንግግር ነበር። ርእሱ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ቆብ ውስጥ ይገባል፤ ያወጣኸው ላይ ሁለት ደቂቃ ትናገራለህ። እጄን ሰደድኩ። «ሽማግሌ ሆነህ ለጓደኛህ ልጅ ጠይቅ» ይላል። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ ያመነ የለም።

ተነሳሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ጡረተኛው ወዳጄና አንድ የጉዞ ወኪል ብድግ ብለው ግራና ቀኜ ቆሙ። ማንም ተነሱ አላላቸውም። ለሽምግልና ሰው ብቻውን ይሄዳል እንዴ? ቀጥሎ የቸገረኝ ለማን እንደምናገር ነው። ከተቀመጡት ውስጥ ትልቅ ሰው መሪጌታ ብቻ ናቸው። እሳቸው እያሉ ወደ ሌላ ዞሮ ልጅ መጠየቅ ስድብ ነው። ዞርኩና እጅ ነሳሁ።

እኔ እንደሆንኩ አንዴ ከጀመርኩ አልመለስም። በእግዚአብሔር ስም ጀመርኩ። የቤታቸውን ክብር አነሳሁ። የልጅቱን ጨዋነት አነሳሁ። «ልጅ ልንሆንዎት፣ ዘመድ ልንሆንዎት ደጅዎ ቆመናል» አልኩ። በጣም ጥሩ ተናግሬያለሁ፣ ይህን ለራሴ መመስከር ይፈቀድልኝ። ቀዩ ካርድ ተነሳ።

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። የክለቡ ሕግ «ተቀመጥ» ይላል። የአገሩ ሕግ ደግሞ ሽማግሌ የልጅቱ አባት «ተቀመጡ» ሳይሉት አይቀመጥም ይላል። ከተቀመጥን ቀልደናል ማለት ነው። በሰው ልጅ ደግሞ አይቀለድም። ሦስታችንም እንደ ቆምን ቀረን። መሪጌታ ጭራቸውን አንዴ ወዘወዙና ጠየቁኝ፤

«ለማን ነው?»

«ልምምድ ነው መሪጌታ» ማለት እችል ነበር። ልል ነበርም። አይናቸውን ሳይ ግን ዳዊት ላይ የጠፋሁበት ቀን ትዝ አለኝና ተውኩት። ቀና ስል ቀዩን ካርድ አየሁ፤ ከካርዱ በላይ የደሳለን ፊት አየሁ። ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ የነበረ ስም ነው።

«ለደሳለ» አልኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። የሺ ብዕሯን አስቀመጠች። መሪጌታ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። እንግዲህ ደንብ ያውቃሉ፤ ሰባት ቤት ያልራቀ አይጋባም። «ልጁ ይነሳ፣ ይቁጠር» አሉ። ደሳለ ካርዶቹን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ከአባቱ ጀምሮ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ወጣ፤ ተመልሶ ወረደና በእናቱ በኩል ደግሞ ወጣ። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ሰማነው። አንድም «እ…» አላለም፤ ቆጣሪዋ ባዶ ወረቀት አሳይታኛለች። መሪጌታ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ሙጃ ላይ ያለውን ደብር እያነሱ፣ እየጣሉ ሰሙትና «ዝምድና የለንም። ተቀመጡ» አሉን። እግዜር ይስጣቸው።

ሰብሳቢያችን ፕሮግራሙ ከእጁ እየወጣ መሆኑ ገባው። የሚያደርገው ሲያጣ አጀንዳውን አነበበ። «ቀጣዩ ግምገማ ነው፤ ሦስት ደቂቃ» አለ። ደሳለ ሰዓቱን አስጀመረ።

የሺ ተነሳች። ልጃገረድ ሽማግሌ በመጣባት ቀን ጓዳ ነው የምትሆነው እንጂ አትናገርም። ገምጋሚ ግን ትናገራለች። ከእኔ ጀመረች። ድምፄ ጥሩ ነው አለች፤ አቋቋሜ ጥሩ ነው አለች፤ ምስጋናውን ማርዘሜን ግን አልወደደችውም። «ጋሼ ምትኩ ልጅቱ ጨዋ ናት አሉ፣ የጨዋ ልጅ ናት አሉ፤ ስሟን ግን አንዴም አልጠሩትም» አለች። አመሰገንኩ።

ቀጥላ ወደ አባቷ ዞረች። ድምፅዋ ትንሽ ቀጠነ። «ሁለተኛው ተናጋሪ አባዬ ናቸው። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር። ሰባት ቤት ጠየቁ። እኔን ግን አልጠየቁኝም። እዚሁ ተቀምጬ ነበር።»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? መሪጌታ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «መልስ ይሰጣል?» አሉኝ ቀስ ብለው። አይሰጥም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ይባላል?» አሉኝ። የሚባለውን ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ብድግ ብለው ተቀመጡ፣ እንደገና አስተካከሉ። ሊቁ ሰውዬ የገዛ ልጃቸውን በሰው ፊት አመሰገኗት። ከዚያም «በይ እንግዲህ ልጠይቅሽ፤ የሺ፣ ልጁን ትፈቅጂዋለሽ?» አሉ።

የሺ አፏን ከፈተች።

ቀዩ ካርድ ተነሳ።

እውነቴን ነው። ሦስቱ ደቂቃ ሞልቶ ነበራ። ደሳለ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው፤ እጁ ከልምድ ነው የተነሳው። ያነሳውን ያወቀው ሁላችንም ዞረን ስናየው ነው። ሊያወርደው ቢል ሕግ ነው፣ እንዳይተወው ሕይወቱ ነው። ካርዱ ግን አልወረደም። የሺ ካርዱን አየችው፣ እሱን አየችው፣ «ሰዓቴ አልቋል» ብላ ተቀመጠች።

መሪጌታ «ማነው ያስቀመጣት?» አሉ። «ልጁ ነው፤ ደሳለ» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነሱና «ከፋሲካ በኋላ ቤት ኑ» አሉ። ቀጠሮ እምቢ አይደለም፤ እሺም ግን አይደለም።

መውጫው ላይ መሪጌታ ባትሪያቸውን አብርተው ቀደም ቀደም ሲሉ የሺ ነጠላዋን እየተከናነበች ደሳለ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። በጎናቸው ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። ከቁጣ ጋር ነው የተናገረችው።

«እሺ ልል ነበር እኮ።»

ተጋብተዋል፤ ልጅም አላቸው። እኔም ይህን ትዳር ያቆመው ንግግሬ ነው ብዬ ስንት ቦታ አውርቻለሁ። ባለፈው አንድ ጎረቤት ክርስትና ላይ መሪጌታ አጠገብ ተቀምጬ፣ ልጅዎን ምን አይተው ሰጡት ብዬ ጠየቅኳቸው። «በገዛ ጉዳዩ ያላዳላ ሰው ልጄን አይበድላትም» አሉኝ። ቅር አለኝ።

በማግስቱ የራስ ምታት ኪኒን ልገዛ መድኃኒት ቤት ስገባ የሺን ጠየቅኳት። «ያን ምሽትማ ልገድለው ነበር» አለችኝ። «ግን ጋሼ፣ እኔ ስናገር ቤቱ ሁሉ ያፋሽካል፤ እቤትማ አባዬ ራሳቸው ያንቀላፋሉ። እሱ ግን ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው ይከታተለኝ ነበር።» አሁንም አልሆነልኝም። ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ እንዲያው የእኔ ንግግርስ ምንም አላገዘም ወይ አልኳት። ኪኒኑን እየጠቀለለች ቀና ብላ አየችኝ።

«የቱ ንግግር?» አለችኝ።