የውሰት ተማሪ

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ራጉኤል ሥር ክርና ጥብጣብ የሸጡት እትዬ ሐመልማል፣ አንድም ደንበኛ «የሚያውቅ ሰው ጥሩልኝ» ብሏቸው አያውቅም። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ክር ቢሰጧቸው በጣታቸው ዳብሰው ጥጥ ነው፣ ናይለን ነው፣ ይበጠሳል፣ አይበጠስም ይላሉ። ያም ሆኖ ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጃቸውን ጉዳይ ሊያስረዱ የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቱን አራተኛ ፎቅ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲወጡ፣ ዘመድኩን የሚባል ከረባቱ ከዕድሜው የረዘመ ኃላፊ ከነጠላቸው እስከ ጫማቸው አያቸውና፣

«እማማ፣ ጉዳዩ ሙያዊ ነው። የተማረ ሰው ይዘው ይምጡ» አላቸው።

«ወንበሩም ለተማረ ብቻ ነው?» አሉና ሳይጋበዙ ተቀመጡ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ታላቅነት ጥቂት መናገር ግድ ነው። ባለቤቱና ዋና ዳይሬክተሩ ጋሼ ኃይለልዑል መርካቶ ብርድ ልብስ በጅምላ ሲያከፋፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ለአገር ሁሉ እንቅልፍ ሲያድሉ ኖረው፣ በመጨረሻ የትውልድ ጉዳይ እሳቸውን እንቅልፍ ነሳቸው። ኢንተርናሽናልነቱን የሚጠራጠር ካለ ይምጣና በዓይኑ ይይ፦ ሴራሚኩ ከቻይና፣ ወንበሩ ከቱርክ፣ ምንጣፉ ከዱባይ ነው የመጣው። ልጆቹ ብቻ ናቸው ከተክለ ሃይማኖት የሚመጡት፤ ይህም ጉድለት በሂደት የሚታረም ነው።

የትምህርት ቤቱ ዘውድ ግን «የልዩ ልዩ የመማር ፍላጎቶች ሁለንተናዊ የድጋፍ ማዕከል» ነው። እግር የሚውጥ ምንጣፍ፣ ባለቀለም ትራስ፣ በእጅ የሚዳሰሱ የጎማ ፊደሎች፣ መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ መሣሪያ ከነማዳመጫው፣ ሁሉም ተሟልቶለታል። ማዕከሉ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎት አንዲት ትራስ እንኳ አልቆሸሸችም። ቁልፉ ከዳይሬክተሩ የኮት ኪስ ወጥቶ አያውቅማ!

የእትዬ ሐመልማል የልጅ ልጅ እስከዳር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሰማችውን አትረሳም፤ ከራጉኤል እስከ ሶማሌ ተራ ያለውን ሱቅ በሙሉ በየባለቤቱ ስም ትጠራዋለች። መጽሐፍ ስትገልጥ ግን ፊደሎቹ እንደተደፋ ምስር ይበታተኑባታል። እስከ መጋቢት ማንበብ ካልቻለች ከሦስተኛ ክፍል ወደ መዋዕለ ሕፃናት ትወርዳለች ተብሏል፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሎ ከአራት ዓመት ሕፃናት ጋር ልትዘምር! ይህን ከሰማች ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ማለት ጀምራለች።

«ታዲያ ያንን ክፍል ክፈቱላታ!» አሉ እትዬ ሐመልማል።

«በመጀመሪያ ማንበብ እንደሚቸግራት መረጋገጥ አለበት» አለ ዘመድኩን።

«በምን?»

«በጽሑፍ ፈተና።»

«እስኪ ድገምልኝ፤ ጆሮዬ ነው መሰለኝ።»

«አሥራ አራት ገጽ ነው። መመሪያውን በጥሞና አንብባ…»

«አንብባ?»

«አንብባ ትሠራለች። በጣም ዘመናዊ ነው።»

እስከዳር ተፈተነች። ወረቀቱ እንደ አዲስ አቡጀዲ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። የማዕከሉ ኮሚቴ ሦስት ቀን ከመከረ በኋላ እንዲህ ሲል ወሰነ፦ «ተፈታኟ አንድም ጥያቄ ስላልመለሰች ፈተናውን እንዳልወሰደች ይቆጠራል። ያልተፈተነ ተማሪ ችግር እንዳለበት ሊታወቅ አይችልም።»

እትዬ ሐመልማል ደረጃውን እንደገና ወጡ። «እሺ፣ አንተ አንብብላትና በአፏ ትመልስ» ብለው ነዘነዙት። ዘመድኩን አነበበላት፤ ልጅቷ አንድም ሳትስት መለሰች። ኮሚቴው አሁንም ሦስት ቀን መከረ፦ «ሁሉንም በትክክል ስለመለሰች ችግር የለባትም። ያለባት ስንፍና ነው።»

«ዝም ስትል አልተፈተነችም፣ ስትናገር ሰነፍ ናት። እንግዲህ እናንተ ዘንድ እርዳታ የሚያገኘው ማነው?»

«እስካሁን መስፈርቱን ያሟላ ተማሪ አልተገኘም» አለ ዘመድኩን፣ ከረባቱን ቀና አድርጎ። «ይህም የትምህርት ጥራታችንን ያሳያል።»

የሚያሳዝነው፣ እትዬ ሐመልማል ይህን ሁሉ ጥበብ መረዳት ተሳናቸውና ወደ ሱቃቸው ወርደው በራሳቸው ኋላ ቀር ዘዴ ጀመሩ። ከመተላለፊያው ማዶ ዚፕ የሚሸጠው ኸይረዲን አሥረኛ ክፍል ደርሷል፤ ድምፁ ደግሞ ሦስት ተራ ያቋርጣል። ገበያው በረድ ሲል የእስከዳርን የሳይንስ መጽሐፍ ከዚያ ማዶ ሆኖ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ በአማርኛ ያብራራል፣ መሀል ላይ ዚፕ ይሸጣል።

«ተክል ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው… አዎ እናቴ፣ የሱሪ ነው፣ አይበጠስም… ለዚህም የፀሐይ ብርሃን ያስፈልገዋል። እስከዳር፣ ምን ያስፈልገዋል?»

«የፀሐይ ብርሃን!»

«ውሃስ አይፈልግም?» ይላል ዕቃ ተሸክሞ የሚያልፈው ሁሉ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተራው በሙሉ ሦስተኛ ክፍል ገባ። ተሸካሚዎቹ ጆንያ ሲያወርዱ «ኧረ ይሄ የመሬት ስበት ወገቤን ቆረጠው!» ማለት ጀመሩ። ኸይረዲን ስለ ምግብ መፈጨት ያነበበ ዕለት ግን ግማሹ ሰው ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ፊደሉን ደግሞ ኸይረዲን ባዶ ጆንያ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ እትዬ ሐመልማል ጠመኔውን ተከትለው በወፍራም ክር ይሰፉታል፤ እስከዳር በጣቷ ትዳብሰዋለች። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች፣ b እና d፣ አልለይ ብለው ሲያስለቅሷት፣ አያቷ ጆንያውን ወዲህ ወዲያ አዙረው አዩትና «ይኼማ የቀኝና የግራ እጅጌ ነው! ምን ያስለቅሳል?» ብለው አንዱን በቀይ፣ አንዱን በአረንጓዴ ክር ሰፉት። ከዚያ ወዲህ የሚምታቱባት ሲርባት ብቻ ነው።

ኮሚቴው ግን በቀላሉ የሚታለል አልነበረም። ጆንያ ሰነድ ስላልሆነ የካቲት ሲያልቅ እስከዳር ወደ መዋዕለ ሕፃናት እንድትዛወር የሚያዝ ደብዳቤ በማኅተም አስደግፎ ላከ። ከሰኞ ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጋሼ ኃይለልዑል ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ በተሸካሚዎች መሀል እየተጋፉ ክር ሱቁ ደጃፍ ላይ ደረሱ። እስከዳር ዛሬም «ሆዴን» ብላ ከትምህርት ቤት ቀርታ ጥግ ተቀምጣለች።

«እትዬ ሐመልማል፣ ገምጋሚዎች መጡብኝ! የማዕከሉን ሥራ ዓይተው ነው ዕውቅና የሚሰጡን። ክፍሉ አለ፣ ትራሱ አለ፣ ባለሙያው አለ…»

«ምን ጎደለህ?»

«ተማሪ።»

«አራት ፎቅ ሙሉ ልጅ አጭቀህ?»

«መስፈርቱን ያሟላ የለማ! እስከዳርን ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ። ደንበኛ ቆሞብኛል።»

ይህን አነጋገር መርካቶ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ደንበኛ የሌለህን ዕቃ ሲጠይቅህ «የለም» አይባልም፤ «አለ፣ አረፍ በል» ትለውና ከጎረቤት ሱቅ ተውሰህ ታቀርብለታለህ። ደንበኛው ካልወደደው ዕቃው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ከወደደው ግን ተሸጠ ማለት ነው፤ ዕቃውን ለባለቤቱ እመልሳለሁ ማለት ነውር ነው። ጋሼ ኃይለልዑል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ሲያውሱም ሲዋሱም የኖሩት በዚሁ ሕግ ነው።

«በተራው ሕግ ነው?» አሉ እትዬ ሐመልማል።

«በተራው ሕግ!»

«ኸይረዲን፣ ሰምተሃል?»

«ከነመሐላው ሰምቻለሁ፣ እትዬ!»

አራተኛ ፎቅ ላይ ያ ታሪካዊ በር ተከፈተ። ጋሼ ኃይለልዑል ጉሮሯቸውን ጠርገው «ባለድርሻ አካላትን ያቀናጀ፣ ተማሪን ማዕከል ያደረገ፣ በክፍለ ከተማችን ፈር ቀዳጅ የሆነው ማዕከላችን…» እያሉ ሲያወርዱት፣ ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት ገምጋሚ ንግግሩን ትተው ልጅቷ ጎን ቁጢጥ አሉ።

«እዚህ ክፍል መማር ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«አሁን ነው የገባሁት። ጫማ ይወለቃል?»

«ቀልደኛ ናት!» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ላብ እያጠመቃቸው።

ገምጋሚዋ የጎማ ፊደሎቹን ዘረገፉላት። እስከዳር ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ እየዳበሰች ስማቸውን ጠራች። ሁለቱ እጅጌዎች ጋ ስትደርስ ቆመች። አያቷ በሩ ላይ ነጠላቸውን ጨምድደው ያዙ። ልጅቷ ቀኝና ግራ እጇን ዘርግታ ትከሻዋን ለካች፣ ፈገግ አለች፣ ሁለቱንም ለየቻቸው። ከዚያ ከአማርኛዎቹ ሦስት ፊደል ደርድራ አንድ ቃል ሠራችና ራሷ አነበበችው፦ «ፀሐይ!»

በመጨረሻ የሚያነበውን መሣሪያ አስደመጧት። ጥቂት ሰማችና ማዳመጫውን አወለቀች።

«ጥሩ ነው። ግን ኸይረዲን ይሻላል፤ ሲያነብ መሀል ላይ ይጠይቃል።»

«ኸይረዲን ማነው?»

«ከፍተኛ አማካሪያችን ናቸው» አለ ዘመድኩን፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ገምጋሚዋ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ግሩም ነው! በየወሩ እየመጣሁ የዚህችን ልጅ እድገት እዚሁ ክፍል ውስጥ ማየት እፈልጋለሁ» ብለው ስሟን መዝግበው፣ ቤተ መጻሕፍቱን ሊያዩ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረዱ።

ዳይሬክተሩ ላባቸውን ጠረጉ፣ መብራቱን አጠፉ፣ በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። እንግዲህ ይውሰዷት። ሰኞ እንግዲያው… ያው በደብዳቤው መሠረት…»

«ኃይለልዑል፣ ደንበኛዋ ወደደችው ወይስ አልወደደችውም?»

«ኧረ በጣም!»

«እንግዲያው ተሸጠ። የምን መመለስ ነው?»

ጋሼ ኃይለልዑል ቁልፉ ያለበትን ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሠላሳ ዓመት የነገዱበት ሕግ ነው። በእሳቸው ፋንታ ዘመድኩን ገባበት፦

«እማማ፣ ማዕከሉን ለመጠቀም መጀመሪያ መስፈርቱ…»

«አንተ ዝም በል፤ ጉዳዩ ሙያዊ ነው! ይልቅ ሂድና የተማረ ሰው ይዘህ ና። ኸይረዲን ሱቁ አለ።»

ከዚያም ወደ ደረጃው አንገታቸውን አስግገው የገምጋሚዋን ጫማ ድምፅ አዳመጡ፤ ገና ሩቅ አልሄዱም።

«ልጥራትና ዕቃው የውሰት ነው ልበላት?»

«ኧረ በራጉኤል!» አሉ ጋሼ ኃይለልዑል።

እትዬ ሐመልማል ጥጥን ከናይለን የሚለየውን እጃቸውን መዳፉን ወደ ላይ አድርገው ዘረጉ።

«ቁልፉን አምጣ!»