ሁለት ክረምት በአንድ በረሃ

ትናንት ከቅዳሴ ተመልሼ፣ እህል ከቀመስሁ በኋላ፣ መደቤ ላይ ጋደም ባልሁበት ሕልም አየሁ። ቤታችን ከመሠረቱ ተነቅሎ በአራት ጎማ ላይ ቆሞ ሞተሩን ያሞቅ ነበር። ልጄ ስኂን ለበረሃ ጉዞ ልትከራየው ያሰበችው ባለ አልጋ መኪና ደግሞ በእኔ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል።

«ተነሥ እንጂ፤ ተጓዡ አንተ ነህ» አልሁት።

«አልነሣም፣ መሪጌታ» አለኝ ወደ ግድግዳው እየዞረ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ይጠሩኛል ብዬ ጠብቄ ደክሞኛል። ዛሬ ቤቱ ይሂድ፤ እኔ ልቀመጥ።»

ቤቱም ሄደ። ባለቤቴ ዘነቡ ጣራው ላይ ተቀምጣ፣ በመሪ ፈንታ ወንፊት ይዛ ትነዳው ነበር። በዚያ ሁሉ መንገጫገጭ መካከል በሌላው እጇ ክር በመርፌ ዓይን ታሾልካለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም። ይህን ባየሁ ጊዜ ልቤ ሐሤት አደረገ፤ በእውኑ ዓለም ዘነቡ መርፌና ክር ማገናኘት አቅቷት ከርማለችና።

አስፋልቱ ከሚያልቅበት ስንደርስ ጓዝ መጫን ተጀመረ። ስኂን የዛሬ ሁለት ዓመት የላከችው፣ እኔም ገልጬ ያላየሁት ባለ አራት ገጽ የጉዞ ዕቅድ በአትሮንስ ላይ ቆሞ እኛን ያነበን ጀመር። መለዋወጫ ጎማዎቹ እንደ ካህናት በሁለት ወገን ተሰልፈው ይሸበሽባሉ፤ ጄሪካኖቹ ጽናጽል ይዘዋል። ውኃው የተሞላው በእኛ ውስጥ ነበር፤ ጄሪካኖቹ በጠማቸው ቁጥር እየመጡ ከአፋችን ይጠጡ ነበር።

«ዘነቡ ደምሌ፣ አንድ» ሲል አነበበ ዕቅዱ። «ናፍቆት፣ የሃምሳ ዓመት። ሌላ ጓዝ የላትም። መሪጌታ ልሳነ ወርቅ፣ አንድ። ‹ነውር ነው›፣ ሦስት ኩንታል። ‹አይሆንም›፣ አምስት ኩንታል።»

«ይህ ሁሉ የእኔ ነውን?»

«እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብሁት። ቤቱ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፤ ይቀንሱ።»

አንዱንም ማውረድ አልቻልሁም። እንደ ተጫነ ሄድን።

በዚያ በረሃ ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ከመንገድ የወጣ ያልፋል፤ በመንገድ የሄደ ይያዛል። እኔም ሰባ ሁለት ዓመት በመንገድ ብቻ የሄድሁ ሰው ነኝና ወዲያው ተያዝሁ።

የያዘኝ ግመል ነው። ግመሉ በአማቴ በአቶ ደምሌ ትከሻ ላይ ተፈናጧል። አማቴ በሕይወት ሳሉ ከአፋር በረሃ ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ወልድያ የሚያመጡ ነጋዴ ነበሩ። የጨውን ሜዳ ነጭነት ለዘነቡ ሲያወሩላት ኖረው፣ «አንድ ቀን አሳይሻለሁ» እንዳሉ፣ ሳያሳዩዋት ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው።

«እንደምን ሰነበቱ፣ አባቴ?» አልኋቸው።

«ኧረ ተወኝ፤ ሸክሜን አታይም?» አሉ እያለከለኩ። «ግመሉን አነጋግር። አለቃው እሱ ነው።»

ግመሉ ከላይ ቁልቁል አየኝ። «የወቅት ወረቀትዎን ያሳዩ። በማን ክረምት ነው የመጡት?»

ይህን ስሰማ ከአማቴ ጀርባ ልደበቅ ሞከርሁ። ለምን እንደ ሸሸሁ መናገር ይገባኛል።

ስኂን የምትኖረው ከባሏና ከልጆቿ ጋር ኖርዌይ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ደውላ፣ «አባባ፣ በክረምት የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ እንመጣለን። አልጋም ምድጃም ያለው መኪና እከራያለሁ። ከአስፋልቱ ወጥተን በአሸዋው ላይ አራት ቀን እንጓዛለን። የእማዬ ዓይን ሳይብስ የጨውን ሜዳ ትየው» አለችኝ። ሐኪሙ የዓይኗ ግፊት ብርሃኗን እየጨረሰው መሆኑን የነገረን ያን ሰሞን ነበር። እኔ ግን፣ ዘነቡ አጠገቤ ጥጥ እየፈተለች፣ ልጄን ገሠጽኋት። «ክረምት ከሰኔ ሃያ ስድስት እስከ መስከረም ሃያ አምስት መሆኑን ረሳሽውን? በሐምሌ እናትሽን በዚያ እሳት ልትጠብሻት ነው?» አልኋት። «አባባ፣ አንዴ ይስሙኝ» ስትል ስልኩን ዘጋሁት። አርባ ዓመት ባሕረ ሐሳብ አስተምሬ፣ አጽዋማትንና በዓላትን በቁጥር ሳወጣ የኖርሁ ሰው፣ ስለ ወቅት ከማን ልስማ? ስኂንም ዳግመኛ አላነሣችውም።

ባለፈው ሳምንት፣ በዚህ በጥር፣ ደውላ «ክረምቱ ጠንቶብናል፤ በረዶው በሩን ዘግቶታል» አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ክረምት ያለችው የእነርሱን ብርድ፣ የእኛን በጋ ኖሯል፤ ታኅሣሥንና ጥርን፣ በረሃው በርዶ ለመንገደኛ የሚመችበትን ጊዜ። ለማንም አልተናገርሁም። ለዘነቡ እንኳ።

«ክረምት የእግዚአብሔር ነው» አልሁት ግመሉን፣ ለማምለጥ ያህል።

«እሱስ አሜን። እኔ የጠየቅሁዎ ወረቀቱን ነው። ምስክሮች ይግቡ!»

ሁለት ክረምቶች ገቡ። አንዱ ጃንጥላ ይዟል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሁለተኛው የሱፍ ቆብ አጥልቋል፤ ጢሙ በረዶ ነው።

«ክረምት እኔ ነኝ» አለ ባለ ጃንጥላው።

«እኔስ ማን ልባል?»

«እኔ ምን አውቄ! ስሜን ከየት አምጥተህ ለበስኸው?»

«ልጅቱ ናት የሰጠችኝ። በአባቷ ቋንቋ ለእኔ የሚሆን ሌላ ስም አጣች» አለ ባለ ቆቡ፤ ወደ እኔም ዞረ። «እኚህ አባት ‹የትኛው ነህ?› ብለው ቢጠይቁ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ናት።»

ግመሉ ከት ብሎ ሳቀ። «ደግሞስ የሴትዮዋ ስም ዘነቡ አይደል? ክረምት መቼ አስፈርቷት!»

«ሳቅህን ቀንስ፤ ስትስቅ ትከብዳለህ» አሉ አማቴ ከሥር።

ግመሉ ጉሮሮውን ጠረገና ፈረደ። «ሜዳው ለሁሉም ይታያል። ለመሪጌታ ግን ይነገራቸዋል።»

ወዲያው ዓይኔ ጠፋ። በጨለማ ቆሜ ከእግሬ በታች ጨው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። የስኂን ልጆች እየጮኹ ይሯሯጣሉ፤ ስኂን ትስቃለች። ዘነቡ እጄን ያዘችኝ።

«ደረስን?» አልኋት።

«ደርሰናል።»

«ምን ይመስላል?»

«ወይ ጉድ! ዳርቻም የለው። አባቴ አልዋሹም።»

«ነጭ ነው?»

«ቆዩኝማ መሪጌታ» አለች። «እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ እኔ ልጥገበው።»

ጠበቅሁ። ስታይ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ያን ጊዜ ልናዘዝላት ቆረጥሁ። «ዘነቡ፣ የደበቅሁሽ ነገር አለ» ብዬ አፌን ስከፍት አንድ ጄሪካን መጥቶ ከአፌ ይጠጣ ጀመር። ቃሌን ሁሉ እስከ መጨረሻው ጠጣውና ነቃሁ።

የጥር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ዘነቡ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ትንፋሼ አዙራ፣ መርፌና ክር ዘርግታልኛለች።

«ነቁ? እስቲ ይችን ክር ያስገቡልኝ።»

ተቀበልኋት። ጄሪካኑ ሳይመለስ ልናገር ብዬ ቸኮልሁ። «ዘነቡ፣ ያን ጊዜ ስኂን ክረምት ያለችው…»

«ጥርን ነው» አለች።

«አወቅሽ?»

«ያኔውኑ ነዋ። የነሱ በረዶ በገና ሰሞን እንደሚወርድ ስንት ጊዜ አውርታልኛለች።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ዕድሜዎን ሙሉ ዘመን ሲቆጥሩ ኖረው ወር ተሳሳቱ ብዬ በልጅዎ ፊት ላሳፍርዎ?» አለች፤ በቁጣ አልነበረም። ከዚያ እጇን ዘርግታ መርፌውን ፈለገች። «ገባ ክሩ?»

አልገባም ነበር።