በእህቴ በር ላይ የተቀባው ቀይ ምልክት

እኛ ሰዎች ከክፉው ነገር ይልቅ ምልክቱን እንፈራለን። ግራ ዓይናችን ሲርገበገብ ቀኑን ሙሉ መርዶ ነጋሪ እንጠብቃለን። መንገድ ስንጀምር እግራችን ከተደናቀፈ ተመልሰን ቁጭ እንላለን። ጉጉት ከጣሪያችን ላይ ብትጮህ «ሂጂ፣ ከጠላቴ ቤት!» ብለን እንሸኛታለን፤ የጠላታችንም ቤት እንዲሁ ስለሚላት ምስኪኗ መድረሻ ታጣለች። «እኔ እንዲህ ያለውን አልፈራም» የምትሉ ካላችሁ ደግ፤ ዓይናችሁ እስኪርገበገብ እንጠብቃለን።

እኔ ግን ፍርሃቴን ያመጣሁት ከትምህርት ቤት ነው። ወረታ ስማር የእንግሊዝኛ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። አንድ ቀን «ሲግኒፋይ» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉና፣ ምልክት አንድን ነገር ሲያመለክት የሚባልበት ጨዋ ቃል ነው አሉን። ደመና ዝናብን ሲግኒፋይ ያደርጋል፤ ጭስም እሳትን። ቃሉ አፌን ሞላው። ከዚያ ወዲህ በፎገራ ሜዳ ላይ ምልክት ያልሆነ ነገር ጠፋብኝ፤ ላም ጆሮዋን ብታራግፍ እንኳ «ይሄ ደግሞ ምን ሲግኒፋይ ያደርጋል?» እያልሁ ቆሜ አስባለሁ። መምህሩ ያስተማሩኝ ጥያቄውን እንጂ መልሱን አልነበረም።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥሁበት ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ ታላቅ እህቴ የሺ ወንድ ልጅ ወለደች። ደስ ሊለን በተገባ ነበር። ግን ውሃው ሲሸሽ ትንኙን ትቶልን ነው የሚሄደው፤ ንዳድ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው። የሺ ከዚህ በፊት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች የቀበረችው በዚሁ ወቅት ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደ ሕፃኑ ግንባር ይሄዳል። እኔማ በየጠዋቱ ከደጃፉ ቆሜ እስኪያለቅስ እጠብቃለሁ። ድምፁን ስሰማ ነው እፎይ የምለው።

በዚያው ሰሞን የወባ ረጪዎች መጡ። የመርጫ ቆርቆሮ በጀርባቸው አዝለው ከቤት ቤት እየገቡ ግድግዳውን ይረጫሉ፤ ሲወጡ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጽፋሉ። የሺ ቤት ሲደርሱ ግን አማቷ መንገድ ዘጉ። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ካለበት ቤት፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ያውም አፉን በጨርቅ የሸፈነ ሰው እንዴት ይገባል? ሰዎቹ አልተከራከሩም። በሩ ላይ ሁለት መስመር አጋድመው አጣመሩና ሄዱ።

«መስቀል አደረጉልኝ!» አለች የሺ። ሁለቱን ልጆች ከቀበረች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። በየጠዋቱ ትሳለመው ጀመር። ጎረቤቶቿ ቁጥር ብቻ ስለደረሳቸው ቅር አላቸው፤ አንዷማ «እኛስ ምን አጠፋን?» እያለች ረጪዎቹን ተከትላ ነበር።

እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ምልክቱን አውቀዋለሁ። ደብተሬ ላይ ሞልቷል፤ ስሳሳት መምህሩ በቀይ የሚያሰፍሩት እሱን ነው። የተሳሳተ መልስ እንዲህ ይሰረዛል። የተሰረዘ ቤትስ? እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሕፃንስ? ለማንም ሳልናገር፣ ሰዎቹ ሄደዋል ወደተባለበት ወደ ይፋግ ገሠገሥሁ።

የረጪዎቹን አለቃ ከገበያው ዳር አገኘኋቸው። ምልክቱን በጣቴ መሬት ላይ ሣልሁና የዕድሜዬን ትልቁን ዓረፍተ ነገር አወጣሁ፤ «ዋት ዳዝ ዚስ ሳይን ሲግኒፋይ?»

አለቃው ምልክቱን አዩ፤ እኔን አዩ። «ያልተረጨ ቤት ማለት ነው» አሉኝ በአማርኛ። «ሕፃን አለበት?»

«አለበት ጌታዬ።»

«እንግዲያው ቶሎ ይረጭ። ትንኙ ከሌላው ቤት ሲባረር የት የሚገባ ይመስልሃል?»

ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። እህቴ የምትሳለመው ምልክት ንዳድን «ና ግባ» የሚል ነበር።

በማግስቱ አለቃው ራሳቸው መጡ፤ አማቷን እሳቸው አግባቧቸው፤ የሺን የማሳመኑ ነገር ግን በእኔ ላይ ወደቀ።

«እታለም፣ ያ መስቀል አይደለም። መድኃኒት አልገባም ማለት ነው።»

«ማን አለህ?»

«የጻፉት ሰዎች።»

«ይጻፉት። እጃቸውን የያዘው ማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

«ሦስተኛውንም ልትቀብሪ ነው?» አልኋት። አምልጦኝ ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁና ምላሴን ብቆርጠው ወደድሁ። እሷ ልጇን አቅፋ ወጣች።

«ይርጩት» አለች። «መስቀሌን ኸበሬ ላይ የሚያጠፋ ሰው ግን ኸኔ ጋር ነው የሚጣላ።»

አለቃው ምልክቱ ካልጠፋ ቤቱ ያልተረጨ እንደሚመስል ሊያስረዷት ሞከሩ። እሷ በሩን ተደግፋ ቆመች። ከአራስ ጋር ማን ይታገላል? ቤቱን ረጩ፤ መስቀሏንም ትተውላት ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ ተቆጣጣሪ መጣ። ቀዩን ምልክት አየና «ይሄ ቤት ለምን ተዘለለ?» ብሎ ዳግም አስረጨው። በየዓመቱም እንዲሁ ሆነ። ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፤ ምልክቱ እዚያው ነው፤ ሌላው ቤት አንድ ጊዜ ሲረጭ የየሺ ቤት ሁለት ጊዜ ይረጫል። በመንደራችን ትንኝ የማይደፍረው ቤት ቢኖር ያ ነበር። ሕፃኑ ዳዴ አለ፤ ቆመ፤ አድጎም በሬ ጠመደ።

አንድ ቀን ለየሺ ሁሉንም አስረዳኋት። ልጁ የተረፈው ረጪዎቹ ምልክቱን እያዩ፣ ቤቱ ያልተረጨ እየመሰላቸው ደጋግመው ስለረጩት ነው አልኋት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እና መስቀሉ አዳነው ነው የምትለኝ?» አለች።

አዎን አልኋት።