ለመሮ የተወለወለ ወለል

«አዘጋጁ» የሚለውን ቃል ዝም ብላችሁ አትመኑት። ሙሽራም ትዘጋጃለች፣ የቅርጫ በሬም ይዘጋጃል፤ ቃሉ አንድ ነው፣ የሚጠብቃቸው ግን ለየቅል። ይህን የተማርኩት አቃቂ፣ ባደግኩበት ቤት፣ ከእናቴ ነው።

እማዬ ከክር ፋብሪካ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዋና ሥራዋ የሲሚንቶ ሊሾ ወለላችን ሆኗል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተንበርክካ ቀይ ሰም ትቀባዋለች፤ ከዚያ የብርድ ልብስ ቁራጭ ከእግሯ ሥር አድርጋ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተች፣ ፊት እስኪያሳይ ትወለውለዋለች። ጎረቤት ጫማውን በር ላይ የሚያወልቀው ጨዋ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። እሷን ፈርቶ ነው። ዘንድሮ ግን ጉልበቷ እምቢ አለ። ከተንበረከከችበት ለመነሣት ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። ሴራሚክ ይነጠፍና ትረፍ ብዬ ወሰንኩ።

ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሰይድ ደወለና «ነገ ስለምመጣ ወለሉን አዘጋጁልኝ» አለ። መልእክቱን ለእማዬ እንዳለ አድርሼ ሥራዬ ሄድኩ። እሱ ማለቱ ዕቃውን አውጡ፣ ሰሙን ፍቃችሁ አስለቅቁ ነበር፤ ሲሚንቶ ሰም ላይ አይይዝማ።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ስጠብቅ ሰይድ መሮና መዶሻውን ይዞ መጣ። ወለሉ ያበራል! እማዬ አዲስ ሰም ቀብታ፣ ወልውላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ሰውየው ሳያስበው ጫማውን አወለቀና ሊያፈርሰው የመጣውን ወለል በካልሲ ረገጠው።

«ኧረ እማማ፣ ምን ነካዎት? እኔኮ በመሮ ልፈለፍለው ነው የመጣሁት!»

«አውቃለሁ ልጄ። ታዲያ ሳይታጠብ የሚሸኝ ሟች አለ?»

ሰይድ ሳሎኑን በአቧራ ተሸፍኖ ሲፈለፍል ዋለና ወደ መኝታ ቤቷ ሲዞር እማዬ በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄ ሴራሚክ የምትሉት፣ ሰሙ መቼ መቼ ነው?»

«ሰም አይፈልግም እማማ። ምንም አይፈልግም።»

«እኔንም?»

ላሳርፋት ብዬ ከሥራ ላባርራት ነበር እኮ። ሰይድ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት፤ መሮውን ወደ ከረጢቱ መለሰ።

ዛሬ ሳሎናችን ነጭ ነው፤ እንግዳ ከነጫማው ይገባል። የእማዬ ክፍል ግን እንደ ቀይነቱ አለ። ቅዳሜ ሲመጣ ሰሙን ይዤ የምንበረከከው እኔ ነኝ። እሷ አልጋዋ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ በጣቷ እየጠቆመች ታዘኛለች፤

«እዚያ ጥግ ጋ ዘለልከው!»